ሽኝት በሙከራ ወረቀት

«ጎማ ያለው ሻንጣ ለምኑ ነው? ገና መናኸሪያው ሳይደርስ ጭቃው ጎማውን ይውጠዋል። እጀታው ጠንካራ ይሁን እንጂ» ይላሉ ጋሽ ተሰማ።

«ጋሽዬ፣ አሁን እኮ ሻንጣ የሚሸከም ሰው የለም። ይጎተታል። ተሸክሞ የሄደ ሰው ከገጠር መጣ ነው የሚባለው» ይላል ቶፊቅ።

«ታዲያ ከየት መጣ ሊባል ነው? ከጅማ አይደል የሚነሳው?»

«ሁለታችሁም ዚፑን ረስታችሁታል» አለች እትዬ ዘይነባ። «ወላሂ፣ ዋናው ዚፑ ነው። መንገድ ላይ የተበረገደ ሻንጣ ጎማ ኖረው አልኖረው ምን ይፈይዳል?»

በዚህ መሃል ነው ባዶ ካርትሪጅ አቅፌ ከወርክሾፑ የወጣሁት። ሦስቱም ዝም አሉ። ዝም ያለ ቤት ውስጥ ስገባ ደግሞ አፌን ይበላኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማይለቀኝ በሽታ ነው።

«ጎማ ያለው ይሻላል» አልኩ፣ ለማን እንደሆነ እንኳን ሳልጠይቅ። «ቀለሙ ግን ጥቁር አይሁን። ጥቁር ሻንጣ መኪና ላይ ከሰው ሻንጣ ጋር ይለዋወጣል።»

ጋሽ ተሰማ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። እኔን ያለ መነጽር አይተውኝ አያውቁም ነበር። ዓይናቸው ውስጥ የነበረው ነገር ሐዘን ይመስል ነበር።

«አንተ ካልክ እንግዲህ ጎማ ያለው ይሁን» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ሻንጣው ለእኔ ነበር። እኔ ደግሞ የትም አልሄድም ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ቤቱን ላስጎብኛችሁ። ጅማ ውስጥ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ የማተሚያ ዕቃ የሚያቀርብ ድርጅት ነበርን። «ድርጅት» የሚለው ቃል በማኅተማችን ላይ ነው ያለው። በዓይን ሲታይ ከፊት አንድ ሱቅ፣ ከጀርባው መስኮት የሌለው ወርክሾፕ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ወረቀት እስከ ጣሪያ የተከመረበት መጋዘን ነው። ወረቀት፣ ቀለም፣ ቶነር፣ የሠርግ ካርድ እንሸጣለን። ፕሪንተር እንጠግናለን፤ ያለቀ ቶነር እንሞላለን። የሰርቦ ትምህርት ቤት፣ የሊሙ ገነት ቡና ነጋዴዎች፣ የሸቤ ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ ባጠቃላይ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት የሚውጥ ማሽን ያስቀመጠ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ተናዶ ወደኛ ይመጣል።

ባለቤቱ ሐጂ ከድር ናቸው። ሐጂ ሰው አይጠሉም። ከፍጥረት ሁሉ የሚጠሉት እርጥበትን ብቻ ነው። ወረቀት እርጥበት ሲስብ ይጠቀለላል፤ የተጠቀለለ ወረቀት ማሽን ውስጥ ይሰነቀራል፤ ማሽኑ የተሰነቀረበት ደንበኛ ደግሞ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ሐጂ ፊት ያራግፈዋል። እንደኛ ከተማ ዝናብ በሚወድ አገር የወረቀት ነጋዴ መሆን ማለት በረዶ ይዞ በረሃ እንደመሄድ ነው። ይባስ ብሎ የሱቁ በር እንጨቱ አብጦ ከወለሉ ጋር ተጣልቷል። ለመዝጋት እጀታውን በሁለት እጅ ወደ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል። ማን ያነሳል? ሁሉም ገርበብ አድርጎት ያልፋል። ስለዚህ ሐጂ ቀኑን ሙሉ «በሩን» ይላሉ። ሌላ ቃል የለም፤ «በሩን» ብቻ። ሰላምታቸው ራሱ «አሰላሙ አለይኩም፣ በሩን» ነበር።

ጋሽ ተሰማ ሽማግሌው ጥገና ሠራተኛ ናቸው። የሞቱ ማሽኖችን ሲያስነሱ የኖሩ፣ ሰው ሲያመሰግኑ ግን ማንም ያልሰማቸው። ቶፊቅ ፒካፑን ይነዳል፣ ዕቃ ያደርሳል፣ ወሬ ይመልሳል። እትዬ ዘይነባ ሱቁ ውስጥ፣ ወደ መናኸሪያው በሚያየው አንድ መስኮት ሥር ተቀምጣ ትሸጣለች። በዕድሜ ታላቃችን ናት፤ ግን እርስዎ ስንላት ትቆጣለች። «ዛሬ እርስዎ ካላችሁኝ ነገ ከዘራ ትገዙልኛላችሁ» ትላለች። እናቷ ካረፉ ወዲህ ለብቻዋ ነው የምትኖረው። ሸቤ ያለችው እህቷ አንድ ነገር ይዛ በየጊዜው ትደውልላታለች። እትዬ ዘይነባም ሁልጊዜ «ኢንሻአላህ፣ ክረምቱ ይውጣ» ብላ ስልኩን ትዘጋለች። በጥር ፀሐይም እንደዚያው ነው የምትለው። ጅማ ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም።

አሁን ወደ ቤቱ ደንብ ልምጣ። እኛ ቤት «ሥራ ልለቅ ነው» ብሎ አፍ አውጥቶ የተናገረ ሰው የለም። ሐጂ የሰው መሄድ ያማቸዋል። አንዱ ሊሄድ መሆኑን በግልጽ የነገራቸው ጊዜ «ምን አጠፋሁ?» እያሉ ምግብ እንደተዉ ይወራል። ከዚያ ወዲህ የሚሄድ ሰው ምልክት ነው የሚያሳየው። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ አዲስ አበባ ሥራ ሲያገኝ የሻይ ብርጭቆውን አጥቦ ወደ ቤቱ ወሰደ። ሌላዋ ወንበሯ ላይ የነበረውን ትራስ ለእትዬ ዘይነባ አወረሰቻት። ያየው ይገባዋል። መጠየቅ ነውር ነው፤ «ልትሄድ ነው እንዴ?» ማለት እኛ ዘንድ «ምነው ዘገየህ?» እንደማለት ይቆጠራል። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራም፤ አንድ ዓርብ ከሰዓት ዳቦ ይቆረሳል፣ ሐጂ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ሰውየው ይሄዳል። ስንት ትዳር ከዚህ ባነሰ መግባባት ቆሞ ይኖራል።

እኔ ታዲያ ምን ምልክት አሳየሁ? ግጥም ጻፍኩ።

ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ይሄንን ጋሽ ተሰማ ግጥሜን ባነበቡ ቁጥር ያረጋግጣሉ። ማሳተም ደግሞ አልቻልኩም፤ የምሠራው ማተሚያ ዕቃ የሚሸጥበት ቤት መሆኑ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ዳቦ ቤት ውስጥ እንደሚጾም ሰው ነበርኩ። መውጫ ያገኘሁት በሙከራ ወረቀት በኩል ነው።

ፕሪንተር ተጠግኖ ወይም ቶነር ተሞልቶ ሲያልቅ አንድ ወረቀት ታትሞ ለደንበኛው ይሰጣል። ማሽኑ የራሱ የሆነ የሙከራ ገጽ አለው፤ መስመርና አራት ማዕዘን የሞላበት። ደንበኞቻችን ግን እሱን አያምኑም። «ይሄ የፋብሪካው ነው፤ የኛን ፊደል ያውጣልኝ» ይላሉ። ስለዚህ ጋሽ ተሰማ ከጥንት ጀምሮ ሀ ሁ ሂ እስከ ፐ ድረስ፣ ከግርጌውም በቁቤ አንድ የኦሮምኛ ሰላምታ ያትሙ ነበር። ወርክሾፑን ስረከብ እኔ ሰላምታውን ትቼ ሀሁውን አነሳሁና በቦታው ግጥሜን አስገባሁ። ፊደል እስከሆነ ድረስ ምን ልዩነት አለው?

እንዲህ አድርጌ በአካባቢው ከማንም በላይ የተሰራጨሁ ገጣሚ ሆንኩ። አንባቢ አልነበረኝም እንጂ። ሰዉ የሚያየው ጥቁሩ መጥቆሩን ነው። አንድ ቀን የሸቤ ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ደወለልኝና «ግጥሙን አየሁት» አለኝ። ልቤ ቀጥ አለች።

«እና እንዴት አገኙት?» አልኩ።

«መሃሉ ላይ ነጭ መስመር አለው» አለኝ። ሒስ ማለት ለእኔ ይሄ ነበር።

በዚያ ክረምት እግሬ ቆጥቁጦኝ ነበር። ምን ሆነህ ነው ብትሉኝ መልስ የለኝም። ተቀምጬ ስሠራ ጉልበቴ ብቻውን ይንቀጠቀጣል። ምሳ ሰዓት ላይ እስከ አወይቱ ድልድይ ሄጄ፣ ውኃውን አይቼ፣ ምንም ሳላደርግ እመለሳለሁ። ባጃጅ እሳፈርና የምወርድበት ይጠፋኛል። እትዬ ዘይነባ ለስግደት ስትነሳ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብዬ ሱቁን እጠብቅላታለሁ። በመስኮቱ አውቶብስ ሲሞላ፣ ሰው እቃውን ሲያስጭን፣ ረዳቱ የከተማ ስም ሲጠራ አያለሁ። አንድ ቀን እዚያው ተቀምጬ በሠርግ ካርድ ጀርባ ላይ ጻፍኩ፦

ሻንጣዬን አውርዱት ከቁም ሳጥኑ ላይ፣
ልሄድ ነው ዘንድሮ ዝናብ ፀሐይ ሳላይ።
በቃኝ ይሄ መስኮት፣ በቃኝ ይሄ ቤት፣
የሌላ ሰው መንገድ ቆሜ የማይበት።

በማግስቱ የሙከራ ወረቀት ሆነ። ጋሽ ተሰማ የመጀመሪያውን ቅጂ ከማሽኑ አንስተው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ሦስተኛው ስንኝ ጫፉ ላይ ይጎድላል» አሉ። ከዚያ ቆም ብለው፣ «አንተ ክፍል ደግሞ መስኮት የለም» አሉ።

«ጋሽዬ፣ የግጥም መስኮት ነው» አልኳቸው።

ወረቀቱን አጥፈው በኪሳቸው ከተቱት። የእኔን ግጥም በኪሳቸው ከትተው አያውቁም። ኮራሁ።

በዚያው ሳምንት የሻይ ብርጭቆዬ ተሰነጠቀ። እጄን እንዳይቆርጠኝ ብዬ ወደ ቤት ወሰድኩት፤ እስክሪብቶ ማስቀመጫ ላደርገው። ይዤው ስወጣ ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ብርጭቆውን በዓይናቸው እስከ በሩ ሸኙት። ይሄንንም ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ከዚያ ዓለም ተለወጠች። ሰርቦ ትምህርት ቤት ማሽን ልሠራ ስሄድ ርዕሰ መምህሩ ግጥሙን ከግድግዳ ላይ አሳዩኝ። ለጥፈውታል። ትከሻዬን ይዘው «ወጣት ሰው እንዲህ ነው» አሉኝና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሊሙ ገነት የቡና ነጋዴው ቢሮ ያለችው ጸሐፊ፣ ቀድሞ «ወረቀቱ አሁንም ይጠቀለላል» ከማለት በቀር ቃል የማትሰጠኝ፣ በከረጢት ቡና ሰጠችኝ። «ምን መሆኑ ነው?» ስላት «ውሰደው፣ የእኛን አገር አትርሳ» አለችኝ። ጋሽ ተሰማ ሻይ ገዙልኝ። እትዬ ዘይነባ ግጥሙን ከባንኮኒው መስተዋት ሥር አስገባችውና ስትሄድ ስትመጣ ታነበው ጀመር። አንድ ቀን ብቻ ጠየቀችኝ።

«ይሄን መስኮት የት አየኸው?»

«ገጣሚ የማያየው ነገር የለም» አልኳት፣ ራሴን ከፍ አድርጌ።

ሳቀች። «ማሻአላህ» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

እኔ ዝነኛ የሆንኩ መሰለኝ። ከልቤ ነው የምላችሁ። ሕዝቡ በመጨረሻ ግጥም ገባው አልኩ። አረማመዴ ተለወጠ። ወፍጮ ቤት ተሰልፌ ሳለሁ የሚያውቀኝ ሰው ካለ ብዬ ፊቴን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዞርኩ። የቡና ከረጢቱን ይዤ ከሊሙ ገነት በፒካፑ ስንመለስ ለቶፊቅ ይሄንኑ ነገርኩት።

«ይሄ ሕዝብ እኮ ግጥም ይወዳል» አልኩት።

«የትኛው ሕዝብ?»

«ይሄው ነዋ። ለአራት ስንኝ አንድ ከረጢት ቡና።»

«ብሮ፣ ቡናው ለመንገድህ ነው» አለ ቶፊቅ፣ ጉድጓድ ሊያልፍ መሪውን እየጠመዘዘ።

«የምን መንገድ?»

ቶፊቅ መኪናውን አቀዘቀዘ። ፊቱ ምስጢር ሲይዝ እንደሚያደርገው ጠበብ አለ። «አውቃለሁ፣ አይወራም። እኔም አልጠየቅኩህም። ግን ማሎ፣ እባክህ፣ ለእኔ ብቻ ንገረኝ። ካናዳ ነው ሐዋሳ? ጋሽ ተሰማ ካናዳ ነው ይላሉ። እኔ ሐዋሳ ብያለሁ።»

ከዚያ ሁሉም ነገር አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተተረተረ። የጋሽ ተሰማ ሻይ፣ የርዕሰ መምህሩ እንባ፣ ብርጭቆው። ሻንጣው። የራሴን ሻንጣ ጎማ እኔው ራሴ ነበርኩ የወሰንኩት።

«እትዬ ዘይነባስ የት ነው አለች?» አልኩ፣ የምናገረው ጠፍቶኝ።

«እሷ ምንም አላለችም። ዝም ብላ ወረቀቱን ታነባለች።»

እዚያው መኪና ውስጥ «የትም አልሄድም» ብል ነገሩ ያልቅ ነበር። ቶፊቅ ከጅማ በፊት ሰርቦን፣ ከሰርቦ በፊት ሊሙን አዳርሶልኝ፣ እስከ ማታ የማያውቅ አይኖርም ነበር። ግን አላልኩም። ሰው ሁሉ የምሄድበት እንዳለኝ አድርጎ ሲያየኝ እኔም ያለኝ መሰለኝ። ይሄን ያህል ጊዜ እግሬ የቆጠቆጠኝ ምናልባት ለዚህ ይሆናል አልኩ። ካናዳም ሆነ ሐዋሳ፣ ሁለቱም ጋ የማውቀው ሰው የለም። ቢሆንም መንገዱን ሁሉ መስኮቱ ላይ ተደግፌ፣ የመንገድ ዳሩን የቡና ተክል እያየሁ፣ እንደሚሄድ ሰው ተከዝኩ። በጣም ደስ ይላል። ሞክሩት።

በማግስቱ ግን አእምሮዬ ተመለሰና ደነገጥኩ። ሥራዬ ነው እኮ። ቤት ኪራዬ፣ እራቴ፣ ወረቀቴ፣ ሁሉም ከዚያ መስኮት የሌለው ክፍል ነው የሚወጣው። ወደ ሐጂ ሄድኩ።

«ሐጂ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት ነበር።»

«አትንገረኝ ልጄ» አሉ፣ እጃቸውን አንስተው። «ገብቶኛል። አንብቤዋለሁ። በግጥም የነገረኝ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ። ሌሎቹ ብርጭቆ ነበር የሚያሳዩኝ። አንተ አከበርከኝ።»

«ሐጂ፣ ግጥሙ እኮ—»

«ስለ ሥራው አታስብ። የእህቴ ልጅ የፊታችን ሳይሆን የቀጣዩ ሰኞ ይጀምራል። አንተ ወንበርህን አጽድተህ አስረክበው። በሩን።»

በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ።

በቃል ካልሆነ በምልክት ልመልሰው ብዬ አሰብኩ። አዲስ ብርጭቆ ገዛሁ፤ ትልቅ፣ እጀታ ያለው፣ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ዓይነት። ጠረጴዛዬ ላይ ጎላ አድርጌ አስቀመጥኩት። ጋሽ ተሰማ አነሱት፣ ወደ ብርሃን አደረጉት።

«ማስታወሻ ትቶልን ነው» አሉ ለቶፊቅ። መልሰውም በጥንቃቄ አስቀመጡት።

ሌላ ግጥም ጻፍኩ። የትም ስላለመሄድ፣ በአንድ ቦታ ስለመርጋት፣ ስለ ዛፍ ሥር ምናምን። በሙከራ ወረቀት አወጣሁት። የወጣበት ካርትሪጅ ግን በደንብ አልተሞላም ኖሮ «አልሄድም» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ደብዝዞ ጠፋ። ወረቀቱን ለጋሽ ተሰማ ሰጠኋቸው።

«ይሄኛው እምነት የለውም» አሉኝ። «ያኛው ይሻላል። ያኛውን የጻፈው መሄድ የፈለገ ሰው ነው።»

በመጨረሻ ቅዳሜን የተከራየሁትን ቤት በማደስ ሳሳልፍ ሰው ቢያየኝ ይገባዋል ብዬ ኖራ ገዝቼ በከተማው መሃል ተሸክሜ ዞርኩ። ቶፊቅ አይቶኝ ኖሮ «ቤቱን ቀብቶ ለአከራዩ ሊያስረክብ ነው። ጨዋ ልጅ ነው» ብሎ አወራ።

ዓርብ ደረሰ። ከጁምዓ መልስ ባንኮኒው ላይ ዳቦ ተቀመጠ፣ ለስላሳ ተደረደረ። ሻንጣው መሃል ላይ ቆሟል፤ ቡናማ፣ አራት ጎማ ያለው፣ ዚፑ የሚያበራ። እውነት ለመናገር ቆንጆ ሻንጣ ነው። እትዬ ዘይነባ ለመንገድ ብላ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በዕቃ አድርጋ አጠገቡ አኖረች። «ይሄ አይበላሽም። የትም ቢሆን ያደርሳል» አለች፣ እኔን ሳይሆን ሻንጣውን እያየች።

ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ረጅም ዱዓ። በየብስና በባሕር፣ በማውቀውና በማላውቀው፣ ከክፉ ባልደረባና ከእርጥብ ቤት እንዲጠብቀኝ ለመኑልኝ። ቶፊቅ አሚን አለ። ጋሽ ተሰማም የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው አሜን አሉ። ከዚያ ጋሽ ተሰማ ቆሙ። ይሄ ሰው አመስግኖ አያውቅም ብያችኋለሁ።

«እኔ ሀሁ ነበር የማትመው» አሉ። «ደንበኛ ወረቀቱን አይቶ ይጥለዋል። ይሄ ልጅ ከመጣ በኋላ አንዳንዱ አጥፎ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ይሄው ነው የምለው።» ተቀመጡ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የእኔ ተራ ነበር። ሻንጣውን አየሁ፣ ዳቦውን አየሁ፣ ሰኞ ወንበሬ ላይ የሚቀመጠውን የማላውቀውን ሰው አሰብኩ። እነዚህን ሰዎች እየዋሸሁ ከምሄድ እያፈርኩ ብቀር ይሻላል አልኩ።

«የትም አልሄድም» አልኩ።

ቶፊቅ ያነሳውን ዳቦ መልሶ አስቀመጠ።

«ግጥም ብቻ ነው» አልኩ። «ብርጭቆው ተሰንጥቆብኝ ነው። ካናዳ የለም። ሐዋሳም የለም።»

«ብሮ» አለ ቶፊቅ በሹክሹክታ፣ «ሻንጣው እኮ አይመለስም።»

ሐጂ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «የእህቴን ልጅ ከሥራው አስለቅቄዋለሁ» አሉ በቀስታ። «ለአንድ ወንበር ሁለት ሰው ምን ላድርግ?»

ጋሽ ተሰማ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያው ግጥሙ ውሸት ነዋ?»

ይሄ ከሁሉም አመመኝ። መልስ ፈልጌ አፌን ስከፍት እትዬ ዘይነባ ቀደመችኝ።

«ውሸት አይደለም» አለች። «የሱ አይደለም እንጂ።»

ሁላችንም ወደሷ ዞርን። ከባንኮኒው መስተዋት ሥር ወረቀቱን አውጥታ ይዛዋለች።

«መስኮቱ የኔ ነው። እኔ ስሰግድ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ነው የጻፈው። እኔ የማየውን አይቶ።» ወረቀቱን አጠፈችው። «ሐጂ፣ እህቴ ሸቤ ቤት ተከራይታ ትጠብቀኛለች። የኮፒ ማሽን ገብቷል። የሚያሠራው ሰው ብቻ ነው የጎደለው።»

«ዘይነባ» አሉ ሐጂ፣ «አንቺ ምንም ምልክት አሳይተሽ አታውቂም።»

«ያላሳየሁት ምልክት አለ? ብርጭቆዬን ስንት ጊዜ አጥቤ ወሰድኩ? እናንተ ጠፋባት እያላችሁ አዲስ ትገዙልኛላችሁ። ትራሱን መልሼ ለእሱ ስሰጠው» ወደ እኔ ጠቆመች፣ «ወገቡን ያመዋል ብላችሁ መድኃኒት አመጣችሁለት።»

መድኃኒቱ ትዝ አለኝ። ቅባት ነበር። እስከ ዛሬ አለ።

«እኔ ልሄድ እችላለሁ ብሎ ያሰበ ሰው የለም» አለች። ድምፅዋ አልጨመረም። «ይሄ ልጅ አራት መስመር ቢጽፍ ሻንጣ ገዛችሁለት። እኔ እዚያ መስኮት ሥር ስንት ክረምት አሳለፍኩ።»

ሸቤ እኮ ምንም ሩቅ አይደለም፤ በሚኒባስ ተሳፍራችሁ እንቅልፍ ሳይወስዳችሁ ትደርሳላችሁ። እኔ በዓለም ካርታ ላይ ስባክን የከረምኩበትን ነገር እሷ እዚሁ ሸቤ ላይ አስቀምጣው ነበር። ለእሷ ደግሞ ከካናዳ ይርቅ ነበር።

እጀታውን ይዤ ሻንጣውን ወደሷ ገፋሁት። ጎማው ሲሚንቶው ላይ ያለ ድምፅ ተንከባለለ። የጎማውን ነገር ልክ ነበርኩ።

እትዬ ዘይነባ ዚፑን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግማ ከፈተች። «ጥሩ ዚፕ ነው» አለች። ጭኮውን ከተተች፣ ከወንበሯ ጀርባ መስገጃዋን አንስታ ከተተች። ወረቀቱን ከላይ አደረገች። ብርጭቆዋን አጥባ ባንኮኒው ላይ ደፋችው፤ አልወሰደችውም። «ልብሴን ከቤት አንስቼ በማታው መኪና እሄዳለሁ። ነገ ካልኩ ክረምቱ ይውጣ ማለቴ አይቀርም» አለች።

ሐጂ ወለሉን አዩ። ምግብ የሚተዉበትን ቀን እየቆጠሩ ነው ብዬ ፈራሁ። በኋላ ቀና አሉ።

«ሸቤ እርጥበቱ ይብሳል» አሉ። «ወረቀቱን መሬት ላይ እንዳታስቀምጪው። ከሥሩ ጣውላ አድርጊበት።»

«እሺ ሐጂ።»

«ቶነር ሲያልቅብሽ ወደ ሌላ ቤት እንዳትሄጂ።»

«ወደየት እሄዳለሁ?» አለች። የመጀመሪያ ደንበኛዋ የገባላት ያህል ፈገግ ብላ።

ሐጂ በጣታቸው ወደ መስኮቱ ጠቆሙኝ። «አንተ እዚያ ተቀመጥ። ወርክሾፑን የእህቴ ልጅ ይይዛል። ግጥም ግን በሥራ ሰዓት—» አሉና ተዉት።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ገና ይሞቅ ነበር። በመስኮቱ ረዳቱ የከተማ ስም ሲጠራ ይታየኛል። እግሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

እትዬ ዘይነባ ሻሿን ራሷ ላይ አስተካከለች፣ ሻንጣውን ያዘች። ጋሽ ተሰማ ሊሸከሙላት ሲነሱ «ይጎተታል ጋሽዬ» አለቻቸው። በሩ ላይ ስትደርስ ዞራ ሁላችንንም አየችን።

«ነጋቲ» አለች፤ ከቤተሰቧ ስትለይ እንደምትለው።

ወጣች። ሐጂ «በሩን» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አየኋቸው። ሁላችንም ጠበቅን። አላሉትም። ከውጭ በኩል ሻንጣው ሲቆም ሰማን፤ ከዚያ ሁለት እጆች እጀታውን ወደ ላይ ሲያነሱት እንጨቱ አቃሰተ፣ በሩም ገጥሞ ተዘጋ።